ማሠራጫው ይወገድ ከመባሉ በፊት ይለካ

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በመዲናችን ካሉት የኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች የአንዱ ድምፅ ሲጠፋ ለአድማጭ የሚሰጠው ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ ማሠራጫው ተቃጥሏል፣ አዲስ እስኪገዛ መታገሥ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ውጭ ምንዛሪ እጥረትና ስለ ግዥ መጓተት ነው፤ መሣሪያውን ምን እንዳቃጠለው ግን የሚጠይቅ የለም። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በማሠራጫ ክፍል ያሳለፍኩ፣ ዛሬ በጡረታ አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር ቴክኒሺያን ነኝ። ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱ ሊድን የሚችል መሣሪያ እንደሚያስጥል፣ በቦታው የተተካውንም መልሶ እንደሚያቃጥል በዓይኔ ስላየሁ፣ ሐሳቤ ለጋዜጣችሁ አንባቢያን፣ በተለይም ለጣቢያ ኃላፊዎች እንዲደርስልኝ ይህን ደብዳቤ በአክብሮት ልኬያለሁ።

ማሠራጫ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚታየው ቁም ሳጥን የሚያክል ብረት ነው። ይሁንና ድምፁ ከጋዜጠኛው ማይክሮፎን ተነሥቶ እስከ አድማጩ ቤት የሚሄድበት መንገድ ረጅም ነው። ስቱዲዮው ፒያሳ፣ ካዛንቺስ ወይም ስታዲየም አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ማሠራጫውና አንቴናው ግን ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ እንዳለው እንደ ፉሪ ባለ ከፍታ ላይ ይቆማሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ከሕንፃ ጣሪያ ወደ ተራራው የሚላክ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሊንክ የሚባል ሌላ አነስተኛ የሬዲዮ መስመር ነው። ተራራው ላይ የደረሰው ድምፅ ኤክሳይተር በሚባለው ክፍል ለጣቢያው በተመደበው ሞገድ ላይ ይጫናል፤ ከዚያም በኃይል ማጉያ ሞጁሎች ይጠናከራል፤ የሞጁሎቹ ኃይል በኮምባይነር ተደምሮ፣ ያልተፈለገውን ሞገድ በሚያስቀር ፊልተር አልፎ፣ በወፍራም ኬብል ወደ አንቴናው ይወጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ያለ የትኛውም ነገር ሲበላሽ ጣቢያው ሊጠፋ ይችላል፤ በጠፋ ቁጥር ግን የሚወቀሰው ያ ቁም ሳጥን ነው።

ብልሽት ፍለጋ ካቻቪቴ በማንሣት አይጀመርም። የመጀመሪያው መለኪያ በየቤቱ ያለው ተራ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮው በጣቢያው ቁጥር ላይ ሲደረግ የሚሰማው ከፍ ያለ ሽሽታ ከሆነ፣ ድምፁን የሚሸከመው ሞገድ ራሱ የለም ማለት ነው፤ ችግሩም በማሠራጫው፣ በመብራቱ ወይም በአንቴናው ወገን ይፈለጋል። ሽሽታ የሌለበት ጸጥታ ከተሰማ ግን ማሠራጫው እየሠራ ነው፤ የጠፋው ድምፁ ስለሆነ ፍለጋው ወደ ስቱዲዮውና ወደ ሊንኩ ይዞራል። ይህን ልዩነት የጣቢያው የጥበቃ ሠራተኛ እንኳ ለይቶ በስልክ ሊናገረው የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ችግሩ መሃል ከተማ ስቱዲዮ ውስጥ እያለ ቴክኒሺያን በሌሊት ወደ ተራራ የሚላክበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የሊንኩ ነገር በዛሬዋ አዲስ አበባ ልዩ ትኩረት ይሻል። ሊንክ በአግባቡ የሚሠራው ሁለቱ አንቴናዎች ሲተያዩ ነው፤ ለመተያየታቸውም በመካከላቸው ያለው ቀጥተኛ መስመር ብቻ ሳይሆን በመስመሩ ዙሪያ ያለው ሰፋ ያለ ቦታ ጭምር ክፍት መሆን አለበት። ቀድሞ ከአራት ኪሎ ወይም ከፒያሳ ጣሪያ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የሚጋርድ ነገር እምብዛም አልነበረም። ዛሬ በዚያ አቅጣጫ የሠንጋ ተራ የፋይናንስ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ከእነዚህም መካከል የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል። ሕንፃ ፎቅ በፎቅ እያደገ ሲሄድ ሊንኩ በአንድ ቀን አይቆረጥም፤ መጀመሪያ የተቀባዩ የሲግናል መጠን ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ቀጥሎ የክሬን ክንድ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ድምፁ ይቆራረጣል፤ በመጨረሻም ጨርሶ ይጠፋል። የሊንኩን የመቀበያ ንባብ በየሳምንቱ የሚጽፍ ሰው ያለው ጣቢያ ይህ ሲመጣ ከወራት በፊት ያየዋል፤ አንቴናውንም ወደ ሌላ ጣሪያ ለማዛወር በቂ ጊዜ ይኖረዋል። በነገራችን ላይ፣ በሜክሲኮና በሠንጋ ተራ መካከል በመኪና ሲሄዱ ድምፁ የሚሻከርባቸው አድማጮች ጣቢያውን ባይወቅሱ መልካም ነው፤ በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ ተቀባዩ ሞገዱን በቀጥታም፣ ከሕንፃዎች ግድግዳ እየነጠረም ስለሚያገኘው ነው።

ከማሠራጫው ውጭ ያለ ብልሽት ማሠራጫውን እንዴት እንደሚያቃጥል ለማሳየት በአንድ ወቅት የሠራሁበትን፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝን ጣቢያ ላንሣ። ክረምት በገባ ቁጥር የኃይል ማጉያ ሞጁል ይቃጠል ነበር። በሞጁሉ ውስጥ ኃይሉን የሚያጎላው ትራንዚስተር ተለውጦ ሲነሣ በጋውን በሙሉ ያለ ችግር ይሠራል፤ ሰኔ ሲመጣ ይደገማል። አስተዳደሩም መሣሪያው አርጅቷል ብሎ አዲስ ለመግዛት ወሰነ፤ የጨረታ ሰነድም መዘጋጀት ጀመረ። በዚህ መካከል የምሽት ተረኛ የነበረ አንድ ባልደረባችን የየሰዓቱን ንባብ የሚጽፍበትን መዝገብ ይዞ መጣና ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣው ኃይል የተመዘገበበትን ዓምድ አሳየን። በበጋ ወራት ቁጥሩ ከቀን እስከ ሌሊት ሳይለዋወጥ ቆይቶ ነበር። የግንቦት ዝናብ መጣል ከጀመረ ወዲህ ግን ሌሊትና ጧት ከፍ እያለ፣ ፀሐይ ስትበረታ ከረፋዱ በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዝናብና ከፀሐይ ጋር እንዲህ የሚለዋወጥ ነገር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሊኖር አይችልም፤ ያለው ውጭ፣ ማማው ላይ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የሚደረገው ፈተና ቀላልና የታወቀ ነው። ማሠራጫው ይጠፋል፤ ወደ አንቴናው የሚወጣው ኬብል ይነቀላል፤ በቦታው ዱሚ ሎድ ይገጠማል። ዱሚ ሎድ የማሠራጫውን ኃይል ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት የሚለውጥ፣ እንደ ጥሩ አንቴና 50 ኦም የሆነ ጭነት ነው። ማሠራጫው በዚህ ጭነት ላይ ሙሉ ኃይሉን ያለ ተመላሽ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የእኛም ሰጠ። ከዚህ በኋላ ኬብሉንና አንቴናውን መመርመር ብቻ ቀረ። ኃይሉ ተቋርጦ፣ ማብሪያው ተቆልፎና ቁልፉ በወጪው ሰው ኪስ ገብቶ ማማው ላይ ሲወጣ፣ ኬብሉ ከአንቴናው ጋር የሚጋጠምበት ማያያዣ የጎማ ሽፋኑ በፀሐይ ብዛት ተሰነጣጥቆ ተገኘ። በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ነሐሱ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ በመካከሉ ባለው ነጭ ፕላስቲክ ላይም የብልጭታ ጥቁር ዱካ ይታይ ነበር። የተበላሸው የኬብል ጫፍ ተቆርጦ አዲስ ማያያዣ ተገጠመለት፤ ማያያዣውም ውሃ በማያስገባ ተለጣፊ ጎማ ተጠቀለለ፤ የዝናብ ውሃ ኬብሉን ተከትሎ ወደ መጋጠሚያው እንዳይደርስ ኬብሉ ከማያያዣው በፊት ወደ ታች ጎበጥ እንዲል ተደረገ። ጨረታው ቀረ፤ አርጅቷል የተባለውም ማሠራጫ ቀጣዩን ክረምት ሞጁል ሳያቃጥል አለፈ። አዲስ መሣሪያ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ የሚቀጠለው ከዚያው ከተሰነጠቀ ማያያዣ ጋር ነበር፤ ይህም ጣሪያ እያፈሰሰ ፍራሽ እንደመለወጥ ነው።

ለሙያው እንግዳ ለሆነ አንባቢ የተመላሽ ኃይልን ነገር ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። ማሠራጫው፣ ኬብሉና አንቴናው ሲጣጣሙ የተላከው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ አየር ይወጣል፤ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ከፊሉ ወደ ማሠራጫው ይመለሳል። ባለሙያዎች ኤስደብሊውአር የምንለው የአለመጣጣም መለኪያ 1.5 ሲሆን ተመላሹ 4 በመቶ፣ 2 ሲሆን 11 በመቶ ያህል፣ 3 ሲደርስ 25 በመቶ ይሆናል። ተመላሹ ሞገድ ከሚሄደው ጋር ሲገናኝ በኬብሉ አንዳንድ ቦታዎች ላይ ቮልቴጁ ከተለመደው በላይ ያድጋል፤ ትራንዚስተር የሚገድለውና በማያያዣ ውስጥ ብልጭታ የሚያስነሣው ይኸው ነው። ዘመናዊ ማሠራጫዎች ተመላሹ ሲበዛ ኃይላቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ካልበቃም ይጠፋሉ። ጣቢያው ደከመ የሚል ቅሬታ ሲመጣ ይህን የጥበቃ ገደብ ከፍ አድርጎ ወይም ጨርሶ አጥፍቶ ኃይሉን መመለስ እንደ ብልሃት ሲቆጠር አይቻለሁ፤ ፊውዝ በሽቦ ከመተካት የማይለይ አደገኛ ሥራ ስለሆነ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም። ጥበቃው ኃይል ሲቀንስ መጠየቅ ያለበት አንቴናው ነው።

ሌላው በአገራችን ሁኔታ ከቶ ሊዘነጋ የማይገባው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ማሠራጫ የሚተከልባቸው ተራሮች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ማራገቢያው በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም አየሩ ስስ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስስ አየር ብልጭታንም ያቀልላል፤ በወደብ ከተማ የማይዘል ቮልቴጅ እዚህ ይዘላል። ስለዚህ ግዥ ሲፈጸም መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ሙሉ ኃይሉን እንደሚሰጥ በፋብሪካው መግለጫ ላይ መነበብ አለበት፤ የእኛ ከፍታ ከገደቡ ካለፈ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ማሠራት ወይም ከመጀመሪያው ተለቅ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ አቧራ የደፈነው የአየር ማጣሪያ ሲጨመርበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የመብራቱን ኃይል ለማሠራጫው በሚስማማ መልክ በሚያዘጋጀው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ያጥራል፤ ማጣሪያውን ማጠብ ግን ከአንድ ባልዲ ውሃ በላይ ወጪ የለውም።

ስለ መብራት መቆራረጥ ብዙ ስለተባለ አላራዝምም፤ ከብዙዎች ዓይን የሚሰወሩ ሁለት ነገሮችን ብቻ ልጥቀስ። የመስመር ጥገና ተደርጎ መብራት ሲመለስ ፌዝ የሚባሉት የሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ቅደም ተከተል ተለዋውጦ ከሆነ፣ በሦስት ፌዝ የሚሠራ ማራገቢያ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። ድምፁ ይሰማል፣ ንፋሱ ግን በሚገባው መንገድ አይሄድም፤ ማሠራጫውም በሙቀት ይጠፋል፤ መድኃኒቱ ሁለት ሽቦ ማቀያየር ብቻ ነው። ሁለተኛው ከድምፁ በስተጀርባ የሚሰማ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በአንድ ፌዝ ከሚሠራ ፓወር ሰፕላይ የሚወጣው ጉርምርምታ 100 ኸርዝ፣ በሦስት ፌዝ ከሚሠራው 300 ኸርዝ ነው፤ 300 መሆን የሚገባው ወደ ወፍራሙ 100 ከወረደ አንድ ፌዝ መጉደሉን መጠርጠር ይገባል።

እነዚህን ሁሉ የሚያጋልጠው የንባብ መዝገብ ነው፤ በጣም የሚያሳስበኝም የእርሱ መጥፋት ነው። የሬዲዮ ሥርጭት በአገራችን ከ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ከአቃቂ ጣቢያ ጀምሮ የቆየ ነው። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ባለ 100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። ከትራንዚስተር በፊት ኃይል ለማጉላት ያገለግል በነበረው በቫልቭ በሚሠሩ እንዲህ ባሉ ትላልቅ መሣሪያዎች ዘመን ሜትር እያነበቡ መጻፍ የተረኛ ቀዳሚ ሥራ ነበር። ዛሬ ያው ንባብ በስክሪን፣ አልፎም በስልክ ላይ ይታያል፤ የሚታየው ግን አንድ ነገር ሲጠፋ ብቻ ስለሆነ ከትናንቱ ጋር የሚያስተያየው የለም። ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሁለት እኩል ሞጁሎች በኮምባይነር ተደምረው 2 ኪሎ ዋት የሚሰጡበትን ማሠራጫ እንውሰድ። አንዱ ሲሞት ኃይሉ 1 ኪሎ ዋት ይሆናል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል፤ በተለመደው የኮምባይነር ዓይነት ግን የቀረው ሞጁል ኃይል ግማሹ በማመጣጠኛ ሬዚስተሩ ላይ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ አንቴናው ዘንድ የሚደርሰው 500 ዋት ብቻ ነው። አራት ኪሎ ያለ አድማጭ ይህን ልብ ላይለው ይችላል፤ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ያለው ግን ጣቢያውን ያጣዋል። ሬዚስተሩም የማያቋርጥ ሙቀት ሲሸከም ቆይቶ ይቃጠላል፤ ብልሽቱም ወደ ኮምባይነሩና ወደ ሁለተኛው ሞጁል ይዛመታል። በመጀመሪያው ቀን በመዝገብ ላይ ቢጻፍ ኖሮ የአንድ ሞጁል ጥገና ይሆን የነበረው ከወር በኋላ ማሠራጫው በሙሉ ተቃጠለ ይባላል።

ይህን ስል ያረጀ ማሠራጫ ሁሉ ይጠገን ማለቴ አይደለም። ትራንዚስተሩ ከምርት የወጣ፣ የኤሌክትሪክ ዑደት ሥዕሉ የጠፋ፣ ሞገዱ የማይረጋ መሣሪያ መተካት አለበት። ጥገናም እውቀትና መሣሪያ ይጠይቃል። ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም የታተመበት ሐሰተኛ ትራንዚስተር በገበያ ላይ አለ። እውነተኛውም ቢሆን ሥር ያለው ብረት በደንብ ጸድቶ የሙቀት ቅባት ካልተቀባ፣ ያለ ሲግናል የሚስበው ከረንት በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ካልተስተካከለ ብዙ አይቆይም። ከሁሉም በላይ የተጠገነ ማሠራጫ ድምፅ ስለሰጠ ብቻ ተጠግኗል አይባልም። የኤፍኤም ክልል በሚያበቃበት በ108 ሜጋ ኸርዝ ላይ የአውሮፕላን መምሪያ ሞገዶች ይጀምራሉ፤ በመጥፎ ጥገና ምክንያት ከተመደበለት ውጭ የሚለቅ ማሠራጫ ቦሌ ለሚያርፍ አውሮፕላን መሣሪያ ሁከት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጥገና በኋላ የሞገዱ ንጽሕና ማሠራጫው በየትኛው ሞገድ ምን ያህል እንደሚለቅ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በስፔክትረም አናላይዘር መታየት አለበት፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም በዚህ ረገድ ቢቆጣጠር ጥቅሙ ለጣቢያዎቹም ጭምር ነው። ለሠራተኛው ሕይወት ሲባል ደግሞ ማንም ሰው ማሠራጫ ብቻውን አይክፈት፤ በቫልቭ በሚሠሩት ውስጥ ብዙ ሺህ ቮልት አለ፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሮቹ ከመሬት ጋር በተገናኘ ዘንግ ሳይነኩ እጅ መግባት የለበትም።

መሣሪያው ይወገድ ከተባለም አወጋገዱ ሊታሰብበት ይገባል። በጨረታ የወጣ አሮጌ ማሠራጫ እየተፈታ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በአንዳንድ የኃይል ትራንዚስተሮች፣ ሬዚስተሮችና ቫልቮች ውስጥ ያለው ነጭ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ሳይሰበር ጉዳት የለውም፤ ሲፈጭ ወይም ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ግን ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። መዳብና አሉሚኒየም ለመለየት በመዶሻ የሚሰብሩት ወጣቶች ይህን የሚነግራቸው ሰው የለም። ሻጩ ጣቢያ እነዚህን ክፍሎች በባለሙያ አስወጥቶ፣ ለይቶና ምልክት አድርጎ ማስቀረት ግዴታው ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ማንኛውም ጣቢያ ማሠራጫ ይወገድ፣ አዲስ ይገዛ ብሎ ከመወሰኑ በፊት መሣሪያው በዱሚ ሎድ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሰጠ፣ አንቴናውና ኬብሉ ሲለኩ ምን እንዳሳዩ፣ የመብራቱ ቮልቴጅና የክፍሉ ሙቀት ምን እንደነበሩ የሚገልጽ፣ ለካሁ ባለው ባለሙያ የተፈረመ ሪፖርት ከግዥ ጥያቄው ጋር ይያያዝ። ዱሚ ሎድ፣ የኬብልና የአንቴና መለኪያና ስፔክትረም አናላይዘር ለእያንዳንዱ ጣቢያ መግዛት ከባድ ከሆነ፣ የከተማዋ ጣቢያዎች ተባብረው በጋራ ገዝተው በአንድ ቦታ ቢያስቀምጡ ሁሉንም ሊያገለግል ይችላል። አምስት ኪሎ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ተግባረ ዕድ ለዚህ የተመቸ ቦታ ይመስለኛል፤ ተማሪዎችም ሙያውን በሚሠራ ማሠራጫ ላይ ይማሩበታል። ጋዜጠኞቻችሁም ማሠራጫው ተቃጠለ የሚል መግለጫ ሲደርሳቸው የመጨረሻው ወር የተመላሽ ኃይል ንባብ ምን ያህል ነበር ብለው እንዲጠይቁልን እለምናለሁ። ንባብ መያዝንና ከአንቴና እስከ ፓወር ሰፕላይ ብልሽት መለየትን ለወጣት ቴክኒሺያኖች ለማስተማር ፈቃደኛ የሆንን ጡረተኞች በከተማዋ ውስጥ አለን፤ ቦታና መሣሪያ ያለው ተቋም ቢጠራን ያለ ክፍያ እንመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ጡረተኛ የሬዲዮ ማሠራጫ ቴክኒሺያን
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ